ኮፍያ የተሰቀለበት መዘውር

መስከረም 12

ለተከበርከው የአክስቴ ልጅ፤

ካለህበት ሩቅ አገር ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የላክኸው መነጽር ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኔ እንደምታውቀው ነው። የፋብሪካው ነገር ግን አበቃ። ወንዙን ገድበው፣ ከተራራው ማዶ ሽቦ ስበው፣ ባለፈው ወር ማሽኖቹን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ አዛወሯቸው። እሳቱ ጠፍቷል። ሌላ የምለው የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ወንድምህ

ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው አያቴ እያለኝ የጻፍኩት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። እሱ «ጨረስሽ?» ሲለኝ «አድራሻውን እያሳመርኩ ነው» ብዬዋለሁ። የልጅ ልጁ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ለዚህ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከተሾምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ደመወዝ የለውም። አያቴን አንተ ነው የምለው። እርስዎን ግን በፎቶ እንጂ በአካል ስለማላውቅዎት አንቱ እላለሁ፤ ካስቀየሙኝ እናየዋለን።

«ሌላ የምለው የለኝም» ያለው ውሸቱን ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ቦይለሮቹ ነው። እርስዎም እዚያ ስለሠሩ ያውቋቸዋል፤ ሁለት መንታ፣ ጎን ለጎን የተጋደሙ፣ እንደጠገበ ጉማሬ። አያቴ እንደሚለው መጀመሪያ እንጨት ነበር የሚበሉት፤ በዙሪያችን ያሉት ኮረብታዎች እንደ እሱ ጭንቅላት በራ ሆኑ። ከዚያ በባቡር የድንጋይ ከሰል መጣ፤ የከተማው ነጭ ልብስ ሁሉ ግራጫ ሆነ። አሁን ደግሞ ውሃ! ኤሌክትሪሻኑ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ አንዲት ቁልፍ ተጫነና «ይኸው» አለ። ማሽኖቹ ሁሉ ተነሱ። አያቴ «ጭስ የሌለው እሳት ሐሜት ብቻ ነው» ብሎት ወጣ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቦይለሮቹ ለቁራጭ ብረት ተሸጡ። አንደኛውን ቆራርጠው ጫኑት። ሁለተኛውን ግን አልቻሉም፤ አያቴ በእንፋሎቱ መዝጊያ መዘውር ላይ ኮፍያ ሰቅሎበታል። ጠዋት ይሄዳል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኛው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ሕጉን እርስዎም ያውቁታል። አንድ ሰው ቦይለሩ ውስጥ ገብቶ ውሃው የጋገረውን ቅርፊት ሲፍቅ ኮፍያውን መዘውሩ ላይ ይሰቅላል፤ ኮፍያው እስካለ ድረስ ያን መዘውር ማንም አይነካም፤ ኮፍያውንም ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነሳም። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ኮፍያ እኮ ነው! ጨርቅ!» ብሎ ጮኸ። ከሠራተኛው አንድም ሰው እጁን ከኪሱ አላወጣም።

እርስዎን ይሰማዎታል ይባላል። ተው በሉልኝ። ሰው እየሳቀብን ነው፤ ከዚህ በፊት የምስቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

*

መስከረም 29

ለውድ የወንድሜ የልጅ ልጅ፤

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለእናትሽና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ብልህ ልጅ መሆንሽ ከጽሑፍሽ ያስታውቃል፤ የአዋቂን ደብዳቤ ግን መጎርጎር ደግ አይደለም። ለዛሬ ምሬሻለሁ።

ለወንድሜ እንዲህ በዪልኝ። ቶሎ ይቁረጡት። አሮጌ ብረት አሮጌ ብረት ነው። እዚህ ከሰሉ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ የሞተ ሰው የለም። እኔ የምሠራው በኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ፣ የቁልፍ መስኮት ላይ ነው። ማሽን ሊጠግን የሚገባ ሰው ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ጓጉንቸር ከእኔ ይወስድና ማብሪያው ላይ ይቆልፋል። ወጥቶ ጓጉንቸሩን በእጄ እስኪመልስልኝ ድረስ ማብሪያውን ማንም አይነካም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጓጉንቸር ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን ንገሪው። አንድም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። መዘውሩ ላይ የተሰቀለውን ኮፍያ ገልብጠሽ ውስጡን እዪልኝ። ጠርዙ ላይ የክር ምልክት አለ። ሰማያዊ ነው? ሰማያዊ ከሆነ በዚያው ቀን ጻፊልኝ።

ሌላ መነጽር ልኬለታለሁ። ይሄኛው ወፍራም ነው።

ጋሼሽ

*

ጥቅምት 14

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎት ይብዛ፣ እጅዎት አይዛል፣ መነጽር የሚሸጥልዎት ሰውዬም ይክበር። ከአዲሱ ጋር አሥራ አንድ ሆነልን። አያቴ አንዱንም አድርጎ አያውቅም፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድሯቸዋል። እኔ ነኝ ተራ በተራ እያደረግኩ ድመቷን የማስፈራራት።

ክሩ ቀይ ነው። ሰማያዊ አይደለም።

ስገለብጠው አያቴ ያዘኝ። ከግቢው ማዶ ሆኖ ስኳር ስሰርቅ እንደሚይዘኝ ማለት ነው፤ ዓይኑ የታመመ ሰው! ተቆጥቶ ሲያበቃ ግን ነገረኝ። ፋብሪካ ሥራ ስትጀምሩ እናቱ ከፋብሪካው ጨርቅ ቁራጭ ሦስት ኮፍያ ሰፋች። ለእሱ፣ ለታናሽ ወንድሙ ለቀጭኑ፣ ለእርስዎም፤ እናትዎ ስለሞቱ በአንድ ቤት ነው ያደጋችሁት አለኝ። ሦስቱ ኮፍያ አንድ ዓይነት ስለነበረ እንዳትጣሉ ውስጡን በክር ለየችው። ቀይ የእሱ፣ አረንጓዴ የእርስዎ፣ ሰማያዊ የቀጭኑ። ቀጭኑ በእንፋሎት እንደሞተ ሁሌም አውቃለሁ፤ የት እንደሞተ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እዚያ ነው። ያ ቦይለር ውስጥ። ኮፍያውም ከዚያ ቀን ወዲህ አልተገኘም።

ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ስለ ክር አልጻፍኩልዎትም። ከሦስቱ ቀለም የራስዎን አረንጓዴ ትተው ስለ ሰማያዊው ለምን ጠየቁኝ?

ሌላም ነገር አለ፤ እንዳይስቁብኝ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ምሳውን ወሰድኩለት። ፀሐይ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሰዎች ኳስ ይጫወታሉ። አያቴ «ዝም በይ» አለኝ። ከቦይለሩ ሆድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ጓ። ጓ። ጓ። ከዚያ ጸጥ። አያቴ መፍቻውን አነሳና አንድ ጊዜ መለሰ።

«አይጥ ነው» አልኩት።

«አይጥ እስከ ሦስት ትቆጥራለች?»

«ብረቱ በፀሐይ ሲለጠጥ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ብሏል።»

«ብረት መልስ ይጠብቃል?»

ውስጥ ያለው ሰው በመዶሻው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ውጪ ያለው ተረኛ አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ አለሁ ማለት ነው። እንዲህ ነበር የምትሠሩት አለኝ። እሳቱ ከጠፋ ጀምሮ በየቀኑ ይመልስለታል። የሚያንኳኳው ግን አያቆምም፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያንኳኳል፣ ያልሰማ ይመስል።

ምሳ ዕቃውን እዚያው ረስቼ ነው የሮጥኩት። ለማንም እንዳይናገሩ።

*

ጥቅምት 28

ለወንድሜ የልጅ ልጅ፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ክሩ የጠየቅኩት እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ትዝታው አይመራረጥም። ሁለተኛ ወደዚያ ቤት እንዳትሄጂ። ምሳውን ሌላ ሰው ያድርስለት።

ስለ ማንኳኳቱ ኤሌክትሪሻኑ ትክክል ነው። ብረት ይለጠጣል።

ወንድሜ ስለዚያ ቀን ምን ይላል? ስለ እኔ የሚለው ነገር አለ? ጠይቂው፤ እኔ እንዳስጠየቅኩሽ ግን አትንገሪው።

በዚህ ሰሞን ሥራ ስለሚበዛብኝ መልስ ቢዘገይ እንዳታስቢ።

*

ኅዳር 9

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላም ይክረሙ። «ወደዚያ ቤት እንዳትሄጂ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ጠይቂው» አሉኝ። አያቴ የሚውለው እዚያ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ትእዛዞች የሚመቸኝን መረጥኩ።

ጠየቅኩት። ባልዲው ላይ ቦታ ለቀቀልኝና ነገረኝ።

ያን ቀን አንደኛው ቦይለር ብቻውን ነበር የሚሠራው። ሁለተኛው እንዲፋቅ ቀዝቅዞ ነበር። ጠዋት እርስዎ ነበሩ ውስጥ፤ ከዚያ ተለዋወጣችሁና ቀጭኑ ገባ፣ እርስዎ ውጪ ተረኛ ሆኑ። አያቴ ይህን መለዋወጣችሁን አላወቀም፤ ከወዲያኛው በኩል እሳት ያነድ ነበር። የአንደኛው ግፊት አለቅጥ ወጣና አለቃው «ወደ ሁለተኛው ክፈትለት!» ብሎ ጮኸበት። አያቴ ዞሮ መጣ። መዘውሩን አየ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ባዶ መዘውር።»

«ታዲያ ባዶ ከነበረ?»

«ባዶ አልነበረማ! ቀጭኑ ኮፍያውን ሳይሰቅል ገብቶ አያውቅም፤ ከእኛ ሁሉ ጠንቃቃው እሱ ነው። ስለዚህ ኮፍያው ነበረ። ስለዚህ ዓይኔ ነው ያላየው። በኋላ ስፈልገው እንፋሎቱ በልቶታል።»

መዘውሩን በዚህ በቀኝ እጁ ነው ያዞረው። አሳየኝ፤ እጁ ምንም አይመስልም፣ እንደማንኛውም ሽማግሌ እጅ ነው።

ጋሼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው በዓይኑ ማመን የተወው። ደብዳቤ የማይጽፈው፣ ጋዜጣ «አንብቢልኝ» የሚለኝ ለዚህ ነው። በመርፌ ክር ግን ከእኔ ቀድሞ ያስገባል! እስካሁን እየቀለድኩበት ኖሬያለሁ፤ አሁን መቀለድ አቃተኝ።

ኮፍያውን የሰቀለበትም ምክንያት ይሄ ነው። «ኮፍያውን ያላነሳ ሰው አልወጣም» ይላል። ቀጭኑ አላነሳም፤ እንግዲያው ገና ውስጥ ነው። የእሱ ኮፍያ ስለጠፋ የራሱን ሰቀለለት። ሥራ አስኪያጁ እስከ ታኅሣሥ 15 ጊዜ ሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ ቆራጮች ያመጣል፤ ሕጉን የማያውቁ። አያቴም «ኮፍያዬን ካነሱት እኔም እገባለሁ፤ ከዚያ ይቁረጡ» ብሏል። እየቀለደ ይመስልዎታል? የሚገባበትን ክብ ቀዳዳ በዘይት አሽቶ አለስልሶታል። አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ እንዲህ አሰብኩ። የአያቴ ዓይን ደህና ነው። ቀጭኑም ኮፍያውን ሰቅሏል። ሁለቱም እውነት ከሆነ፣ በመሃል አንድ ሰው ኮፍያውን አንስቶታል። ውጪ የነበረው ተረኛ ማን ነበር?

ስለ እርስዎ የሚለው አለ ወይ ብለውኛል። አለ። «ምስኪን፣ ሐዘኑን አልቻለውም፤ በወሩ አገር ጥሎ ሄደ» ይላል።

እስከ 15 መልስልን። መልሱልን ማለቴ ነው።

*

ታኅሣሥ 1

ልጄ፤

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ይህን አንብቢለት። ምንም አትዝለዪ።

ጠዋት እኔ ስገባ ኮፍያዬን አልሰቀልኩም። ኋላ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ገባሁ፤ ስንፍና ነው። ስወጣ ቀጭኑ ተካኝ። የእሱን ሰቅሎ ነው የገባው። ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ መለስኩለት። ከዚያ ሲጋራ አማረኝ። ወደ ግቢው ስወጣ ካፊያ ነበር፤ መዘውሩ ላይ ያለው ኮፍያ የእኔ መሰለኝ፤ አንስቼ ደፋሁት። አንድ ዓይነት ናቸው። ሀሳቤ ሲጋራው ላይ ነበር።

ከሰል ክምሩ ላይ ቁጭ ስል ኋላ ኪሴ ቆረቆረኝ። ሳወጣው ኮፍያ ነው፤ አረንጓዴ ክር። ራሴ ላይ ያለውን ገለበጥኩት፤ ሰማያዊ። ለጋሪ ነጂው «ባለ ሁለት ኮፍያ ሀብታም ሆንኩ» ብዬ ቀለድኩ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው፤ ለወንድሜ በዚያው ዕለት እነግረው ነበር። ያልነገርኩት ቀጥሎ ባለው ነው። መዘውሩ ባዶ መሆኑን አውቄያለሁ፤ መነሳት ነበረብኝ። ሲጋራዬ ግን ገና ግማሽ ነበረች። ልጨርሳት አልኩ።

ጨርሼ ጫፏን በጫማዬ ስረግጥ ነው እንፋሎቱን የሰማሁት።

ወንድሜ ደጋግሞ «አላየሁም፣ ዓይኔ ነው» ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ኮፍያው ደረቴ ውስጥ ነበር። «ዓይንህ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ መነጽር እልክለት ጀመር።

እዚህ የምኖረው ከኤሌክትሪክ በቀር እሳት በሌለበት ሥፍራ ነው። ቤቴ ውስጥ ክብሪት የለም። የጣቢያው ግድግዳ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ለዚህ ነው ሰማያዊ ነው ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ። ኮፍያው በሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መዘውሩ ላይ ኮፍያ አለ ስትዪኝ፣ ሣጥኑን መክፈት ፈርቼ፣ ክሩ ቀይ ነው እስክትዪኝ ድረስ ብቻውን ተመልሶ የሄደ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

*

ታኅሣሥ 18

ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንተ ልልዎት ወስኜ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደገና እሞክራለሁ።

ጥቅሉ የደረሰው በ15 ጠዋት ነው። ፖስተኛውን ከእነ ብስክሌቱ ነው ወደ ፋብሪካው የነዳሁት። ስደርስ ቆራጮቹ የብረት መቁረጫ ችቧቸውን ለኩሰው ቆመዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል፤ አያቴ ጫማውን አውልቆ በቦይለሩ መሰላል ላይ አንድ እግሩን አሳርፏል። ኮቱን በደንብ አጣጥፎ ባልዲው ላይ አስቀምጦታል። ያ የታጠፈ ኮት ነው ያስለቀሰኝ።

«ደብዳቤ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንብቢልኝ» አለ፤ ዞርም ሳይል።

«አላነብም።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አላነብም። ዓይንህ ደህና ነው። ወርደህ ራስህ አንብብ።»

በሕይወቴ እምቢ ብዬው ስለማላውቅ ነው መሰል፣ ወረደ። መጀመሪያ ወረቀቱን አርቆ ያዘው፤ ከዚያ አቀረበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሥራ አስኪያጁ «ስንት ሰዓት ልንቆም ነው?» ሲል ከራሱ ሠራተኞች አንዱ «ዝም በል ጌታው!» አለው፤ እንደዚያ ሲባል የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ከዚያ አያቴ ጥቅሉን ፈታ። ኮፍያውን ገልብጦ ሰማያዊውን ክር በጥፍሩ ነካው። የራሱን ከመዘውሩ አወረደና የቀጭኑን ሰቀለው። ቆምን። ችቦዎቹ እንኳ ጠፍተው ነበር። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሥራ አስኪያጁም ሰማ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። አያቴ መፍቻውን አነሳ፤ ሊመልስ ነው ስል፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔን አይደለም» አለ።

ኮፍያውን በሁለት እጁ ከመዘውሩ አንስቶ በራሱ ላይ ደፋውና «ወጥቷል። ቀጥሉ» አላቸው።

ሲቆርጡት አብረን ቆመን አየን። ውስጡ ያው የውሃ ቅርፊት ነው፤ ነጭ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። በአንድ በኩል ግን የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ ተፍቆ ብረቱ ያበራል፤ ትናንት የተፋቀ ይመስላል። ኤሌክትሪሻኑ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። ምንም ግን አልጻፈም።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ጽሑፍ አይደለም። ፊደሉ ዝሆን ዝሆን ያክላል፤ መስመሩም ኮረብታ ይወጣል ይወርዳል። ላርምልህ ብለው «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ይታየኛል» አለኝ።

*

ወንድሜ፤

ሰላምታውን ልጅቷ ጽፋዋለች።

አሥራ አንዱንም መነጽር መልሼልሃለሁ። አንዱ ይሆንህ እንደሆነ ሞክራቸው።

ስህተቱን አንብቤዋለሁ። ሦስት ወንድማማቾችን አንድ ዓይነት ኮፍያ ያለበሰች እናት አትወቀስም፤ የተምታታበትም አይወቀስም። ስለ ሲጋራዋ ግን ገና የምጽፍልህ ነገር የለኝም። አልመጣልኝም። ሲመጣልኝ በራሴ እጅ እጽፋለሁ።

እኛ ዘንድ ማንኳኳቱ ቆሟል። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። ምንም የለም።

አንተ ዘንድ ሲመጣ እንዳልሰማህ አትሁን። እኔ ስንት ጊዜ መለስኩለት፤ የጠበቀው ግን እኔን አልነበረም። የያዝከውን አስቀምጥና አንድ ጊዜ መልስለት።

ተረኛው አንተ ነበርክ።